አጎቴ የፈረዱበት የእንጨት ኤርፎን

አጎቴ በድምፅ ነገር ዋሽተው አያውቁም ይባል ነበር። በመካነ ሰላም ዙሪያ ለዱዓና ለመንዙማ ሐድራ በተቀመጠበት ሁሉ ከበሮውን፣ ድቤውን፣ የሚመቱት እሳቸው ናቸው። አዲስ ድቤ ያሠራ ሰውም ተሸክሞ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። በጣታቸው መታ መታ ያደርጉትና ያዳምጡታል። "ቆዳው ገና ነው" ካሉ ገና ነው። "ይሄን እህል አስቀምጥበት" ካሉ ባለቤቱ በሆዱ እየተሳደበም ቢሆን ይዞት ይመለሳል። ለወዳጅ ብለው፣ ለባለጸጋ ብለው መጥፎውን ድቤ ደህና ነው ሲሉ የሰማ የለም። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉን እሳቸው ስለሆኑ እኔም በዚህ ነገራቸው ስኮራ ነው ያደግሁት። አሁን የምጽፈው ስለ ውሸታቸው ነው፤ እንዲያም ሆኖ አንቱ ማለቱን መተው አቅቶኛል።

ከአረብ አገር የተመለስኩት ኔትወርክ ከተማችን ውስጥ በደንብ መያዝ በጀመረበት፣ ወጣቱ ሁሉ ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና መንዙማ እያስጫነ በሚዞርበት ጊዜ ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር በየስብሰባው ስለ ሕገወጥ ስደት አስከፊነት ይለፈልፋል፤ የገዛ ልጁ ግን እዚያው አረብ አገር ናት። እኔ የገባሁ ዕለት ቤታችን በእንግዳ ተጨናነቀ። "እንኳን አላህ ለአገርሽ አበቃሽ" የማይለኝ አልነበረም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ "አልሐምዱሊላህ" እያሉ ገቡ። ከዚያ "አገሩ እንዴት ነው?" ይሉኛል፤ "ደህና ነው" እላለሁ። ከዚህ ሌላ መልስ የሰጠች ተመላሽ በሰፈራችን አላየሁም። ሻሹ ለአክስቶቼ፣ ሸሚዙ ለአጎቴ፣ ሽቶው ለጎረቤት ተዳረሰና አለቀ። ሻንጣው ባዶውን ሲቀር እናቴ አቧራውን አራግፋ ጥግ ላይ አቆመችው። ለታናሽ እህቴ ነበር ያቆመችላት።

እህቴ ልትሄድ ነበር። ፓስፖርቷ ወጥቷል፣ ደላላው ከአጎቴ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል፤ የቀረው የመንገዱ ቀን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከምንም ነገር በላይ የምፈልገው እሷ እንድትቀር ነበር። ሌላው ቢቀር ከአንድ ቤት አንድ ሴት ልጅ አይበቃም ወይ? እንዲህ ስል እናቴ "አሁን ገና መምጣትሽ ነው፣ ዕረፊ" ትለኛለች። ያሳረፈችኝ አፌን ነው።

የምፈራበት ምክንያት ነበረኝ። አሠሪዬ አንድ ቀን ጠዋት የልጇን ሸሚዝ በካውያ አቃጠልሽ ብላ በጥፊ መታችኝ፤ ጥፊው ያረፈው በግራ ጆሮዬ ላይ ነው። ከዚያ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ገባ። ሳጥብ ያፏጫል፣ ስጠርግ ያፏጫል፣ ስተኛ ይብሳል። ሰነባበተና በራሱ ጊዜ ተወኝ። ዝም ሲል ዳነ ብዬ ደስ አለኝ፤ የጅል ደስታ! ለማንም አልተናገርኩም፤ የዳነ ነገር ምን ይወራል ብዬ ነው።

ኤርፎኑን የሰጠኝ የዚያው ቤት ወንድ ልጅ ነበር። የማዳመጫ ዓይነት መሰብሰብ ይወዳል፤ መሳቢያው በዚያ የተሞላ ነው። ስሰናበት እናቱ እንዳታየው አድርጎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ ስመታ በሩ ላይ ቆሞ አይቷል፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል። ካሳ መሆኑ ነው እንግዲህ፣ ለጆሮ የጆሮ ዕቃ።

ዕቃው ግን ቆንጆ ነበር፤ እሱን አልክድም። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫፉ ለስላሳ ጎማ ነው፣ አካሉ ግን እንጨት። ከባቄላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ እንደ ወይራ ጠቆር ብሎ የእንጨቱ መስመር ይታያል። በከተማችን ሱቆች የሚሸጠው ፕላስቲክ ድምፁ ጣሳ ውስጥ እንደገባች ንብ ነው። እኔ ለእህቴ ብዬ ከነመጠቅለያው ስላመጣሁት አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም። እንግዶቹ እንደተቀመጡ ስልኳ ላይ ሰካችውና መንዙማ ከፈተች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

"እትዬ፣ ወላሂ ድቤው ሆዴ ውስጥ ነው የሚመታው" አለችኝ። "ጭብጨባው ለብቻው ይሰማል፣ የተቀባዮቹ ድምፅ ለብቻው። መንዙማ አውጪው ትንፋሽ ሲወስድ እንኳ ይሰማል።"

ተቀብያት ሁለቱንም ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። በቀኝ በኩል እውነቷን ነበር፤ ድቤው ወፍራም ነው፣ ጭብጨባው ጥርት ብሎ ይመጣል። በግራ በኩል ምንም የለም። ጎማውን ጫን አደረግሁት፤ አሁንም ምንም።

"ግራው አይሠራም" አልኩ።

"እንዴት አይሠራም? አሁን ስሰማበት!" ብላ ነጠቀችኝና አዳመጠችበት። "ይሄው፣ ይሠራል እኮ!"

ክርክር ሆነ። ኤርፎኑ ከጆሮ ጆሮ እየዞረ ቤቱ ሁሉ ፈራጅ ሆኖ ቁጭ አለ። በኛ አገር ደግሞ ከሩቅ መጥቶ ስጦታ የሰጠን ሰው ፊት ለፊት ተሳስተሃል ማለት ነውር ነው። ሻሼን የተከናነበችው አክስቴ ሰምታ ሰምታ "እንጃ፣ ደከምስ ይላል" አለች። ሽቶ የደረሳት ጎረቤታችን "ድክም ነው እንጂ!" አለች። ምንም ያልደረሳቸው ደህና ነው አሉ። እህቴ በመሐል ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

አጎቴ ይጠሩ ተባለ። ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ገቡ፣ ዕቃውን በሁለት ጣታቸው አንስተው አገላበጡት። "እንጨት ነው?" አሉ። እንጨት መሆኑን ሲሰሙ ሳቁ። "ታዲያ ምን ያጨቃጭቃችኋል? የበረሃ እንጨት ደጋ ሲወጣ ብርድ ገብቶት ነዋ! አሙቁት!"

የኛን ብርድ የሚያውቅ በዚህ አይስቅም። ጭጋጉ ከአባይ በኩል ሲመጣ ድቤው ረግቦ ድምፁ ይሞታል፤ ሐድራ ከመጀመሩ በፊት እሳት ዳር ይዞራል፣ ቆዳው እስኪወጠር ይሞቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚመታው። ስለዚህ ማንም አልተቃወመም። እናቴ በገል ፍም አመጣች፣ አጎቴ የአረቡን ኤርፎን በገመዱ አንጠልጥለው በፍሙ ላይ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት ጀመር። ተማርኩ የሚሉትም፣ ስልክ የሚጠግነው ያክስቴ ልጅም ከበው አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ጎማው መሽተት ሲጀምር እህቴ ጮኸች። "በቃው" አሉ አጎቴ፣ በጣም ረክተው።

ከዚያ አዳመጡ። ጥምጥማቸውን አውልቀው ሁለቱንም ጆሯቸው ውስጥ ከተቱና ጉልበታቸውን በጣታቸው እየመቱ ቆዩ። ግንባራቸው ቋጠር ሲል አየሁ። አውጥተው ወደኔ መጡ። መንዙማው እንደተከፈተ ነው። የግራውን ግራ ጆሮዬ ውስጥ ከተቱልኝ፤ ምንም። አወጡና ያንኑ የግራውን ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ከተቱት። ድቤው ዘለቀኝ፣ አንድም ሳይጎድል። ቀጥለው ደህና ነው የተባለውን የቀኙን ግራ ጆሮዬ ላይ ጫን አደረጉት። ምንም፣ ጭጭ።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ፊቴን ነበር የሚያዩት፤ ድቤ ሲፈትኑ እንደሚያዩት አተኩረው ነው ያዩኝ። ለኔም ለሳቸውም ባንድ ጊዜ ገባን። የሞተው ጆሮዬ ነበር።

እሳቸው ዞር ብለው ለቤቱ ሰው "ግራው ተሰንጥቋል" አሉ። "ውስጥ ለውስጥ ነው የተሰነጠቀው፣ በዓይን አይታይም። ብርዱ ነው። ልጅቷ ልክ ናት።"

ቤቱ እፎይ አለ። አክስቴ "አላልኳችሁም?" አለች። እኔ "አይደለም፣ እንጨቱ አይደለም፣ ጆሮዬ ነው፣ ተመትቼ..." ብዬ ስጀምር አጎቴ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ለዱዓ የትልቅ ሰው እጅ ከተዘረጋ በኛ አገር የተጀመረ ወሬ ይቆረጣል፤ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ጡት ይሰጠዋል። መንገዷን አላህ ያቅናላት አሉ፣ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሳት አሉ፣ እጇ የነካው ይባረክ አሉ። ቤቱ አሚን አለ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። ያን አሚን እስከ ዛሬ ብተፋው እወዳለሁ።

በማግስቱ ከቤት ጀርባ ገብስ ሲያገላብጡ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

"አባባ፣ ሰምተዋል እኮ። ሁለቱም ደህና መሆኑን ሰምተዋል።"

"ሰምቻለሁ ልጄ።"

"ታዲያ?"

ገብሱን ማገላበጣቸውን አልተዉም። "ያንቺ የሆነው ሆኗል። ጆሮዋ ጠፋ ብለን ብናስወራ ማን ያገባሻል? እህትሽስ ቀርታ ምን ልትሆን ነው? የተማሩት ቦዝነው አስፋልት ዳር ተቀምጠው እያየሽ!"

"ድቤ ቢሆን እንዲህ አይዋሹም ነበር።"

"ድቤ አይራብማ" አሉኝ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ተናደድኩባቸው፤ ዛሬም እንደተናደድኩ ነኝ። ደግ ሰው ናቸው ሲሉኝ ዝም እላለሁ። ያን ቀን እውነቱን ቢሉ ሰው ያምናቸው ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ትቼ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። እኔ ብጮህ የምቀኛ ጩኸት ነው፤ እሳቸው አንድ ቃል ቢናገሩ ግን ፍርድ ነበር።

ለእህቴ ነገርኳት። ልብስ ስናጥብ፣ ሰው በሌለበት፣ የጥፊውን ነገር ከነፉጨቱ ዘረገፍኩላት። እጇን ከሳሙናው ውስጥ ሳታወጣ አዳመጠችኝና "አባባ እንጨቱ ነው ብለዋል" አለችኝ። "አባባ ድምፅ ይሳሳታሉ? አንቺ ሄደሽ ለብሰሽ መጣሽ፣ እኔ ስሄድ ጆሮሽ ታመመ?" አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ባነሳሁ ቁጥር እየተነሳች ትሄዳለች። ኤርፎኑንም ግራውን በመቀስ ቆርጣ ጣለችና በቀኙ ብቻ ትሰማ ጀመር፤ ደህናውን ዕቃ!

የመሄጃዋ ቀን ደረሰ። መናኸሪያ የሸኘናት ሁላችንም ነን፤ እናቴ፣ አጎቴ፣ አክስቶቼ፣ ጎረቤት ሳይቀር። ረዳቱ "ደሴ! ደሴ! የሞላ ደሴ!" ይላል፣ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ እናቴ ታለቅሳለች። እህቴ ሁሉንም ተሰናብታ መጨረሻ ላይ እኔ ጋ መጣች። ተኳርፈን ስለነበር እንዲሁ ጉንጬን ስማ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። አንገቴ ላይ ጥምጥም አለች፣ ፊቷን በግራ በኩል ቀበረችና ቆየች። ትንፋሿ ይሞቀኛል። የምትለው ነገር እንዳለ ከትንፋሿ አወቅሁ። ይቅር በይኝ እያለችኝ ነው፣ ወይም እናታችንን አደራ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሰው በመሰነባበቻው ሌላ ምን ይላል? ድገሚልኝ ልበላት? ያን ሁሉ ክርክር መናኸሪያ ላይ ልጀምረው? ቀና ብላ አየችኝ፣ መልስ ትጠብቃለች።

"እሺ የኔ ዓለም፣ እሺ" አልኳት።

ረዳቱ ሲያጣድፍ ሻንጣዋን እኔ ራሴ አንስቼ አቀበልኩት። እህቴ ሻንጣውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ገባች። አውቶቡሱ ሲወጣ በመስኮት አልዞረችም። ኩርፊያው አልለቀቃት ብዬ ተጽናናሁ።

ስልክ እስክትደውል ብዙ ወራት አለፉ፤ አሠሪዋ አትፈቅድላትም ነበር። ስትደውል ቤት ውስጥ እናቴና አጎቴ ነበሩ። ሁሉንም ሰላም ካለች በኋላ እትዬን አቅርቡልኝ አለች። ስልኩን በቀኝ ጆሮዬ ያዝኩት።

"ግን እትዬ፣ ለምን እንደዚያ አደረግሽኝ?" አለችኝ።

"ምን አደረግሁሽ?"

"መናኸሪያ ላይ። 'ፈርቻለሁ፣ አስቀሪኝ፣ አንቺ ካልሽ አልሳፈርም' አልኩሽ። እሺ ብለሽ ሻንጣዬን ጫንሽብኝ።"

ይህን እንዳለች ካርዷ አለቀ። አጎቴ ከመደቡ ላይ "ምን አለች? ደህና ናት?" ብለው ጠየቁኝ። ያለችኝን ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ እናቴም እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።