የሚሰማ መምህር

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስልክ መማር ይሻላል አይሻልም የሚል ክርክር ሲነሳ እኔ ሁልጊዜ ከደጋፊዎቹ ወገን ነበርኩ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ በአካል የማታየውን መምህር አታምንም፤ ኔትወርኩም ያማርራታል። እኔ ግን የተቀዳ ትምህርት እወድ ነበር። መምህሩ ሲፈጥኑብኝ አቆማቸዋለሁ፣ ያመለጠኝን መልሼ እሰማለሁ። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ "ይድገሙልኝ" የምልበት ድፍረት ኖሮኝ አያውቅም።

የዓመቱ የመጨረሻ ትምህርት፣ የአፈር ሳይንስ፣ በስልክ ይሁን ተባለና ክረምቱን ቁሐር ሚካኤል፣ ገጠር ቤታችን ገባሁ። እዚያ የገጠሙኝ ተከራካሪ አባቴ ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ተማሪውን ፊታቸው አስቀምጠው፣ ሲያዜም እየሰሙ፣ የሳተውን እያቀኑ ነው። አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬ ላይ ጭኜ ያመጣሁትን ትምህርት ስከፍት በር ላይ ቆሙ።

"መምህር እየተናገረ ተኝተሽ ነው እንዴ?"

ምን ላድርግ፣ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ማስታወሻ ልይዝ ድምፁን ሳቆመው ደግሞ ጉድ ፈላ።

"ብለሽ ብለሽ መምህር ታቋርጫለሽ?"

"የተቀዳ እኮ ነው አባየ። እኔን አይሰማኝም።"

"ስትስችስ ማን ያቀናሻል?"

"ማንም።"

"እንግዲያ ይህን መምህር አትበይው" ብለው ሄዱ። በሆዴ ሳቅኩ።

ማጠቃለያው የቃል ፈተና ሆነ፤ በስልክ፣ በቀጥታ። ካላለፍኩ ዓመቱን መድገሜ ነው። ወረታ ከተማ ወጥቼ ልፈተን አስቤ ነበር፤ በዋዜማው የርብ ወንዝ ሞላና ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆነ፣ መንገዱም ጠፋ። ቤታችን አካባቢ ኔትወርክ ትንሽ የሚይዘው ከሩዝ ገለባው ክምር አጠገብ ብቻ ነው። ከብቶቹም ውሃውን ሸሽተው እዚያው ደረቁ ላይ ተሰብስበዋል። አባቴ እንዳይረብሹኝ ሊከለክሉልኝ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀመጡ።

መምህሩ ውሃ የሚተኛበት አፈር ምን እንደሚጎድለው ጠየቁኝ። መመለስ ስጀምር ምስላቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቆ ቀረ፤ ድምፃቸውም ጠፋ። "ሃሎ? መምህር?" አልኩ። እንባዬ መጣ፤ ዓመቴ እዚያ ጭቃ ላይ የቀረ መሰለኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል አባቴ ተቆጡ።

"ለምን ተውሽው? ጨርሽው እንጅ!"

"ተቋርጧል አባየ። የሚሰማኝ የለም።"

"እኔ አለሁ አይደል?"

ፊቴን ወደ እሳቸው አዙሬ ቀጠልኩ። ግማሹ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ግን ተማሪያቸውን እንደሚሰሙት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ። ስጣደፍ "ረጋ በይ" ይሉኛል። ረጋ ብዬ ጨረስኩ።

ያኔ ስልኩ ተንኮሻኮሸና የመምህሩ ድምፅ መጣ።

"የእኔ ነው እንጂ ያንቺ ድምፅ አልተቋረጠም፤ እስከ መጨረሻው ሰምቼሻለሁ። አንድ ቦታ ስተሻል፤ እሱን አቅኚልኝና አልፈሻል።"

አባቴ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

"እንደምን ዋሉ፣ መምህር" አሉ።