አምስት ስም በደረቷ

ከሳባህ አል-ሳሌም ወደ ኩዌት ሲቲ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ሃጀር አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ሻርፗን ስታስተካክል፣ ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዙ አምስት ትንንሽ ካርዶች ታዩ። በእያንዳንዱ ላይ የሰው ስም በዐረብኛ ተጽፏል። እጇን በረኪና ልጦታል፤ አነጋገሯ የወሎ ነው።

«ምንድን ነው እሱ፣ እህቴ?» አለቻት ሃጀር።

«የጨረር መለኪያ ነው። ከባሕሩ ማዶ ካለው የኑክሌር ጣቢያ የሚመጣ ነገር እንዳለ ለማየት ለየቤቱ ሰው አደሉ። ልጆቹም ትልልቆቹም ማንጠልጠሉ ሰለቻቸው። ማዳም ‹ሦስቱን ወር አንቺው አድርጊልን› አለችኝ። ዛሬ መመለሻው ነው።»

አንዱን ካርድ በአውራ ጣቷ ወልወል አደረገችው።

«የአናስን ስተኛም አላወልቀው። ትንሹ ነው፤ ደረቱን ያመዋል። ምንም እንዳይነካው ብዬ።»

ካርዱ ይለካል እንጂ አይከላከልም ልትላት ያሰበችው ሃጀር ካርዶቹን ቆጠረች።

«ያንቺስ የታለ?»

«እኔማ የለኝም። እዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቅጹ ‹ስንት ሰው ይኖራል?› ይላል፤ ማዳም አምስት ብላ ሞላች።»

ቅር ያላት አትመስልም። አውቶቡሱ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አምስቱንም ደገፈቻቸው።