ዛራ ግድግዳዋን ስታስመርግ

ግትር ሰው አይቻለሁ የሚል ካለ፣ ጎረቤቴን እትዬ ዛራን ሳያይ አያውራ። እኔ ፋንታዬ እባላለሁ፣ ሶዶ መሃል ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ ከቤቷ ጋር በአንድ ግድግዳ ተደጋግፎ ነው የቆመው። የሷ ከወደቀ የኔም ይከተላል። ስለዚህ የማወራው ወሬ አምሮኝ አይደለም።

ቤቱን የሠሩት አባቷ አቶ አብደላ ናቸው። ከስልጤ መጥተው ሶዶ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ሁለት ቤት ሠሩ፤ አንዱን ሊኖሩበት፣ አንዱን ደግሞ ዛራ ስታድግ ልትዳርበት። በስልሳ ሰባት ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ መዝጋቢዎች መጡ። ብልጡ ሁሉ ሁለተኛ ቤቱን በአማቹ፣ በአጎቱ ስም አዙሮ አተረፈ። እሳቸውን ግን ‹‹ወላሂ ይበሉ›› አሏቸው። ‹‹ወላሂ፣ ሁለት ናቸው›› አሉ። አለቀ። በመሐላ የማይዋሽ ነጋዴ ምን ይደረጋል? የዛራ ቤት የመንግሥት ሆነ።

እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ያ አዋጅ እናቴን ጠቅሟታል። ሁምቦ ተበላ ከሚባል አገር መጥታ በሰው ጓዳ ስትላላክ የኖረች ሴት፣ የራሷን በር ከፍታ የምትገባበት፣ ይህን እኔ አሁን የምኖርበትን የቀበሌ ቤት ያገኘችው በሱ ነው። ክፉ አልናገርበትም። ግን ቤቱ የሁሉም ነው ሲባል የማንም ሆኖ ቀረ። ቀበሌ ኪራዩን ይሰበስባል፣ አያድስም። እናድስ ስንል ‹‹የመንግሥት ንብረት አትነካኩ›› እንባላለን። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰፈሩ በቁሙ በሰበሰ።

ዛራ ባሏ ከሞተ በኋላ ያ የተወረሰ ቤት ተለቀቀ ሲባል ሮጣ ከቀበሌ ተከራየችው። ሰው ሳቀባት። አባትሽ የሠሩልሽን ቤት ትከራያለሽ ሲሏት፣ ‹‹ሌላ ሰው ከሚተኛበት እኔ ልከራየው›› አለች። ይኸው እስከ ዛሬ ትከፍላለች።

ዘንድሮ በበልጉ ዝናብ የኋላው ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውስጥ ዘመመ። ጭቃው ረግፎ ማገሩ ወጣ። ከሥሩ የምትተኛው የልጅ ልጇ ናጂያ ናት። ክረምቱን እንደማይሻገር ያየው ሁሉ ያውቃል።

ቀበሌ ሄደች። የቤቶች ኃላፊው መክብብ ይባላል፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ልጅ ነው።

‹‹እናቴ፣ ሰፈሩ ለልማት ሊፈርስ ነው። እድሳት አይፈቀድም።››

‹‹መቼ ነው የሚፈርሰው?››

‹‹እሱ ገና አልታወቀም።››

‹‹ግድግዳው አያውቅልህማ፤ አይጠብቅህም›› ብላው ወጣች።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ ልመክራት ሄድኩ። ከመንግሥት ጋር ሙግት አያዋጣም፣ ሰው ሳያይ ቀስ ብለሽ ከጓሮ ጠጋግኚው አልኳት።

‹‹አንቺ ፋንታዬ፣ ሌባ ነኝ እንዴ? በአባቴ ቤት የምን መሹለክለክ ነው?›› አለችኝ።

በገበያው ቀን ጠዋት፣ አላፊ አግዳሚው በሚያያት ደጃፏ ላይ ጉድጓድ አስቆፍራ ጭቃ አስቦካች። የሰፈራችንን ልማድ ታውቃለች። ጭቃ የቦካበት ደጅ የደረሰ ጎረቤት ጫማውን አውልቆ ጭቃ ሳይረግጥ አያልፍም፤ ካለፈ ለቅሶ እንደቀረ ነው የሚቆጠረው። ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ጎረቤታችን መምህር ዱባለ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ከዚያማ ማን ይቅር? ናጂያ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በዳጣ እያበላችን ትዞራለች፣ እኛ እንረግጣለን፣ ዛራ ትመርጋለች።

እኩለ ቀን ላይ መክብብ ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ ደረሰ።

‹‹እናቴ፣ በማን ፈቃድ ነው?››

‹‹በአባቴ።››

‹‹ቢያድሱትም እኮ የርስዎ አይሆንም። የመንግሥት ነው።››

‹‹የወረሰን መንግሥት ሄደ። ሌላውም መጥቶ ሄደ። ቤቱን ማን አቆመው? የማነው ብዬ አልተጨቃጨቅኩህም። ልጄ ላይ አይወድቅም ነው ያልኩህ።››

መክብብ አፈረም ተናደደም መሰለኝ። ቀይ ቀለም አስመጥቶ፣ ገና ባልደረቀው ምርጊት ላይ የፈረሳ ምልክት አስቀባ። ዛራ ጭቃ ዘግና እዚያው እፊቱ ምልክቱን ደፈነችው። ደግሞ አስቀባ። ደግማ ደፈነችው።

‹‹አስቁሟት›› አለ።

ከሚሊሻዎቹ አንዱ ህብረት የኛው ሰፈር ልጅ ነው። እናቱ አስካለች ከኛ ሦስት በር አልፎ፣ እንዲሁ በዘመመ የቀበሌ ቤት ነው የምትኖረው። ህብረት ዛራን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጫማውን ፈታና ጭቃው ውስጥ ገባ። ቀና ብሎም መክብብን አላየውም። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ እልል አልኩ። መክብብ የቀለሙን ጣሳ ራሱ አንስቶ ሄደ።

በሳምንቱ የአስካለች ደጅ ተቆፈረ። ከዚያ የኔ። ሐምሌ ሲገባ በሰፈራችን ያልተመረገ ቤት አልቀረም። ዝናቡ ወረደ፣ ናጂያም ግድግዳዋ ሥር በሰላም ተኛች።

ባለፈው ሰኞ ዛራ ቤቱን እንድትለቅ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬ ጠዋት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከላይ የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ቆርቆሮዋን እያስቀየረች ነው።