ወደ እንጦጦ የወጣችው ትንሽ ፍሪጅ

መገናኛ፣ ጠዋት

ለአጎቴ ለጋሼ ተሰማ ፍሪጅ ላደርስ ወደ እንጦጦ ተነሳሁ። ጋሼ ስኳር አለባቸው፤ በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት የሚወጉት ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። እሳቸው ግን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ነበር የሚያኖሩት። እኔ የሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ መምህር ነኝና ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው ከወገቤ የማትበልጥ ፍሪጅ ገዛሁ።

የፒካፑ ሾፌር ገና ዳገቱን ሲያስበው ፊቱ ጠቆረ። ጊዜው ቤንዚን በራሽን፣ ተለክቶ የሚታደልበት ነበር። "አጋድመን እንሰራት፣ ትረጋለች" አለኝ። እምቢ አልኩ። ፍሪጅ ተጋድሞ ከሄደ የሞተሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ይገባል። ስለዚህ ከኋላ ቆሜ አቅፌያት ሄድኩ። አራት ኪሎ ላይ አንዱ ጎረምሳ "ጓድ፣ ሙሽራዋን ወዴት ነው?" ብሎ አሳቀብኝ።

ሽቅብ

ከሽሮ ሜዳ በላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ አየሩ ቀዝቃዛ። ግማሽ ላይ ራዲያተሩ ፈላና ቆምን። ሾፌሩ ውሃ እስኪቀዳ ዳቦ ከሻይ ጋር ቀማመስኩ። እኔም በልቤ ለአጎቴ ቤተሰብ የምሰጠውን ማብራሪያ እለማመድ ነበር።

እንጦጦ፣ ከሰዓት በኋላ

የጋሼ ቤት ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው። መብራት ከገባላቸው ብዙ አልቆየም። ፍሪጇን ሳሎን አቆምናት፤ ዘይቱ እስኪሰክን ጠብቄ ሰካኋት። የጋሼ ባለቤት እትዬ አስካለ ወዲያው ዳንቴል አለበሷት። ጎረቤት "እንኳን ደስ ያላችሁ" እያለ ገባ። የገብስ ዳቦና አይብ ቀረበ።

"ፍሪጅ ብርድ አይፈጥርም" ብዬ ጀመርኩ። "ሙቀት ከውስጥ ለቅሞ በጀርባው ያወጣል። ሞተሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ጋዙ ግለቱን ከኋላ ባለው ቧንቧ ለቤቱ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ አልፎ እዚህ በረዶ ቤቱ ሲደርስ ይተናል፤ ሲተን የውስጡን ሙቀት ይዞ ይሄዳል።"

"ታዲያ ብርዱ ይበቃል የሚለው ማን ነው?" አሉ ጡረተኛው ጎረቤት አቶ ደገፉ።

ይህችን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ከበረዶ ቤቱ ጋር የተያያዘችውን ሌላ ቀጭን ሽቦ መሳይ ቱቦ አሳየኋቸው። "በውስጧ የታሸገ ጋዝ አለ። ሲሞቅ ይነፋና ማብሪያውን ይገፋል፤ ሞተሩ ይነሳል። ሲበርድ ይኮማተራል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ምን ያህል ሲበርድ ይጥፋ የሚለውን የምታዘው ይቺ ቁልፍ ናት።"

ሞተሩ በዚያ ሰዓት ጠፍቶ ነበር። ለማሳየት ቁልፏን ወደ ብርዱ እስከ መጨረሻው አዞርኳት፤ ሞተሩ ተነሳ። ሰው ሁሉ ተገረመ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ "ራሱ ያውቃል፤ ማንም ቁልፏን እንዳይነካ" አልኩ።

ማታ እትዬ አስካለ የመድኃኒቱን ብልቃጦችና የጠበሉን ጠርሙስ ከላይ፣ በረዶ ቤቱን አስጠግተው አኖሩ። "መድኃኒትና ጠበል ከቅቤ በታች አይቀመጥም" አሉ። እኔ ሙገሳዬን እያጣጣምኩ ነበርና ልብ አላልኩም።

ማግስቱ

ጋሼ መርፌያቸውን አዘጋጅተው ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሱት። በረዶ ሆኗል። ሁሉም እንደዚያው። አንዴ በረዶ ከሆነ እንደማይወጋ ሐኪም ነግሯቸዋል። ቁርሳቸውን ገፋ አደረጉ። ዓይኔ ቁልፏ ላይ አረፈ፤ ትናንት ያዞርኳት ቦታ ላይ ናት። መመለሱን ረስቼዋለሁ።

አቶ ደገፉ "ማሽኑ እንዴት አደረ?" እያሉ ገቡ።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ያለቦታው አስቀምጬው" አሉ እትዬ አስካለ።

"መምህሩ ያን ያህል ለፍቶ አስረድቶ!" አሉ አቶ ደገፉ፤ ወደ እኔ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገርኩም። የጋሼን የሕክምና ካርድ ይዤ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት።

ታች ሆስፒታል ሰልፍ ይዤ መድኃኒቱን አግኝቼ ስመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ጋሼ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ውሃ እየደጋገሙ እየጠጡ ጋደም ብለዋል። "መጣህ ልጄ? ደከመህ" አሉኝ። ከመርፌው በኋላ ትንሽ ሲቀምሱ አይቼ እፎይ አልኩ። ቁልፏን ዝቅ አደረግሁ፤ መድኃኒቱን ከበረዶ ቤቱ አርቄ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አኖርኩ። ከዚያ እትዬን ወደ ጓዳ ተከትዬ ገባሁ።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁልፏን አዙሬ ሳልመልሳት ቀረሁ።"

"ስታዞራት አይቻለሁ" አሉ ሳህን እያጠቡ። "ሌሊቱን ሞተሩ ሲያጉረመርም ልመልሳት ተነስቼ ነበር። አትንኩ ብለህ የለ?"

"ታዲያ ጠዋት ለምን..."

"ሰው ፊት ላዋርድህ? እኔ ምን እሆናለሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቁልቁል

ስወርድ አቶ ደገፉን በራቸው ላይ አገኘኋቸውና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ቁልፏን ያዞርኩት እኔ፣ አትንኩ ያልኩት እኔ። ሰምተው ሲጨርሱ ሳቁና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"አይ መምህር፣ ለአክስትህ ብለህ እኮ ነው። ጨዋ ያሳደገህ" አሉኝ። ብምልም ብገዘትም አላመኑኝም።

መገናኛ ስደርስ መሽቷል። ከዚህ ጉዞ ያተረፍኩት ይህን ነው፤ ጥፋትን በሰዓቱ ያልተናገረ ሰው በኋላ ሲናገረው ትሕትና ይመስልለታል። እኔ እንጦጦ ላይ ጨዋ ተብዬ ወረድኩ፤ እትዬ አስካለ ግን መድኃኒት ያበላሹ ሴት ተብለው እዚያው ቀሩ።