አስተርጓሚ ብቻ

ባለፈው ረቡዕ ለክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሥልጠና ካመለከቱት ወጣቶች መካከል ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩትን ለመለየት ከባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን ነበር። በየዓመቱ የምንሠራው ሥራ ነው። ማመልከቻዎቹ በስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ እኛም ይቺ ትጠራ፣ ያኛው ይቅር እንላለን። የአንዲት ልጅ ተራ ሲደርስ ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም፣ «ይቺ የክሊኒክ ልምድ የላትም፤ አስተርጓሚ ብቻ ነበረች» አለና ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

እንዳያልፋት ነገርኩት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ድምፄ እንደሚንቀጠቀጥ ስላወቅኩ ከምሳ በኋላ እንድንመለስበት ብቻ ለመንኳቸው። ከዚያ መኪናዬን አስነስቼ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደሚደረደሩበት ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ነዳሁ። ሌላ ጊዜ ምሳዬን ቢሮዬ ውስጥ ነው የምበላው። የዚያን ቀን ግን ሰው መሀል መቀመጥ አማረኝ። በያይነቱ አዘዝኩ። ምስሩን ከጎመኑ ጋር እየጠቀለልኩ ስበላ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ነገር የትናንት ያህል ሆኖ መጣብኝ።

ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። አዲስ አበባ በሳይኮሎጂ ተመርቄ፣ ጥቂት ጊዜ አስተምሬ ነው ሎስ አንጀለስ የመጣሁት። ያረፍኩት ኢንግልዉድ፣ የእናቴ አክስት ልጅ የሆኑት ጋሼ ግርማ ዘንድ ነበር። ጋሼ ግርማ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። ቤታቸው አውሮፕላኖቹ ለማረፍ ዝቅ በሚሉበት መስመር ሥር ስለነበር ወሬያችንን እያቋረጥን እስኪያልፉ እንጠብቃለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው ጥብስ ይሠራሉ። የጥብስ ቅጠሉን የሚቀጥፉት ከመንገድ ዳር አጥር ነበር፤ እዚህ አገር ለጌጥ ነው የሚተክሉት። እኔ ቀን ቀን እዚያው ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ዌስትቼስተር በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ እማራለሁ።

ለክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት የሚጠየቀውን አሟላሁ ስል ሌላ ይመጣል። አገር ቤት የተማርኩትን ስታትስቲክስ አንቀበልም ስላሉኝ እንደገና ተማርኩት። ያው ትምህርት ነው። የቁጥሮች አማካይ፣ ውቅያኖስ ስላቋረጠ የሚለወጥበት ነገር የለም። እሱን ስጨርስ ፈተና አለ ተባልኩ። ፈተናውን ሳልፍ የምርምር ልምድ አምጪ፣ የክሊኒክ ልምድም አምጪ ተባልኩ። ልምዱን ፍለጋ በየክሊኒኩ ስሄድ ደግሞ ልምድ የለሽም ብለው ይመልሱኛል። ያበገነኝ መስፈርት መኖሩ አይደለም። የታመመ ሰው ፊት የሚቀመጥ ሰው መፈተን አለበት፤ ዛሬም ይህን አምናለሁ። ያበገነኝ፣ መስፈርቱ የተሠራው መንገዱን ከልጅነቱ ጀምሮ ለሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ያለ ደሞዝ ላብራቶሪ ውስጥ መሥራት ለሚችል፣ የአባቱ ጓደኛ ፕሮፌሰር ለሆነ።

እንዲህ ስንከራተት አንድ ፕሮፌሰር ከኢትዮጵያ በመጡ ስደተኞች ላይ ስለ ጭንቀትና ድብርት ጥናት እንደጀመረ ሰማሁ። ስሙንም፣ የሚያስተምርበትንም ቦታ ልተወው። አማርኛ የሚችል ሰው ይፈልግ ነበር። ደሞዝ እንደሌለው፣ ግን የምርምር ልምድ እንደሚሆነኝ፣ ሲያልቅም የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጽፍልኝ ነገረኝ። ከደስታዬ ብዛት የዚያን ዕለት ከአውቶቡስ የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ ሄድኩ።

መጠይቁን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹን ፈልጌ ያገኘሁት፣ ያሳመንኩት፣ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ፌርፋክስ ላይ የምሳ ሰው ሲቀል በምግብ ቤቶች ጥግ፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት የኤርፖርት ሜዳ ጋሼ ግርማ ባስተዋወቁኝ ሾፌሮች መኪና ውስጥ። ፕሮፌሰሩ አንድም ቀን አብሮኝ አልመጣም።

ከሁሉም የማልረሳው እትዬ ጽጌን ነው። ዌስትቼስተር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ያጸዱ ነበር። እህታቸው አገር ቤት ካረፉ ወዲህ ከሥራቸው በቀር የትም አይሄዱም። ከሥራ ሲወጡ ጠብቄያቸው ከሆቴሉ ጀርባ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጥቅምት ነበር። ከበረሃ የሚመጣው ደረቅና ሞቃት ነፋስ የወደቀውን የዘንባባ ቅጠል አስፋልቱ ላይ ይጎትታል። መጠይቁ እንደሚለው፣ በቅርብ ሳምንታት ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ተሰምቷቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ተስፋ መቁረጥማ ኃጢአት ነው፣ ልጄ» አሉ።

መጠይቁ አዎን ወይም አይደለም ብቻ ነው የሚቀበለው። «አይደለም» ላይ ምልክት አደረግኩ። ግን ድምፃቸው አላማረኝም። ወረቀቱን ጭኔ ላይ ገለበጥኩና፣ «እንዲያው ሆድ ይብስዎታል?» አልኳቸው።

የሥራ ልብሳቸውን ጠርዝ ዓይናቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ አለቀሱ። ቆይተው ጠዋት ሲነቁ ለምን ነቃሁ እንደሚሉ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ባይነጋ ኖሮ እያሉ እንደሚያስቡ ነገሩኝ። ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አብሬያቸው ቆየሁ። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ያስማማኋቸው እያባበልኩ ነው፤ በማግስቱም ከሥራ ቀርቼ ራሴ ወሰድኳቸው።

ለፕሮፌሰሩ ሄጄ ነገርኩት። ጥያቄው በአማርኛ ሌላ ነገር እየጠየቀ እንደሆነ፣ የታመሙ ሰዎች ጤነኛ ተብለው እየተመዘገቡ እንደሆነ አስረዳሁት። ራሱን ነቀነቀና በጽሑፍ እንዳሰፍረው ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ በየቃለ መጠይቁ ወረቀት ጠርዝ ላይ ሰውየው ወይም ሴትየዋ በራሳቸው ቃል ያሉኝን ጻፍኩ። ሆዴ ባሰኝ፣ ልቤ ዛለ፣ ሰውነቴ ከዳኝ፣ ዓለም አስጠላኝ። ሕመማቸውን የሚናገሩበት ቃል ሞልቷቸው ተርፏል።

የማመልከቻው ጊዜ ሲቃረብ ደብዳቤውን ጠየቅኩት። ትጉህ አስተርጓሚ እንደነበርኩ በደስታ እንደሚጽፍ ነገረኝ። አስተርጓሚ ብቻ እንዳልነበርኩ፣ ጥናቱን በእግሬ ያዞርኩት እኔ እንደሆንኩ ልነግረው ሞከርኩ። በትዕግሥት አዳመጠኝ። «ያ የቋንቋ አገልግሎት ነው» አለኝ። «ለምርምርም ለክሊኒክም ልምድ አይቆጠርም። መስፈርቱን የማወጣው እኔ አይደለሁም።» የሚቀጥለው ሳምንት ውጤቱን የሚያቀርብበት ስብሰባ ስለነበር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን ብሎ ሸኘኝ። ያቺም ደብዳቤ ብትሆን ታስፈልገኝ ስለነበር ዝም ብዬ ወጣሁ።

በስብሰባው ዕለት ከአዳራሹ ኋላ ተቀመጥኩ። ፕሮፌሰሩ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ሰንጠረዡን እያሳየ፣ ከኢትዮጵያ የመጡት ሰዎች ተስፋ የመቁረጥ ስሜት እንደማይታይባቸው አስረዳ። ቀጥሎም፣ ስሜታቸውን የሚገልጹበት ቃል ስለሚያጥራቸው ሕመሙ የሚወጣው በራስ ምታትና በጨጓራ ነው አለ። ቃል ያጥራቸዋል! እትዬ ጽጌ ከእነዚያ «አይደለም» ካሉት መካከል ተቆጥረው፣ ጤነኛ ተብለው፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ሆነዋል። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ቆሜ ነው ራሴን ያገኘሁት።

«ቃል አላጠራቸውም» አልኩ። «እኛ ነን አዎን ሊሉት በማይችሉት ቃል የጠየቅናቸው። እነሱ ዘንድ ተስፋ ቆርጫለሁ ማለት ከእግዚአብሔር ተጣልቻለሁ ማለት ነው። በሌላ ቃል ስጠይቃቸው አልቅሰው ነግረውኛል፤ የነገሩኝም ወረቀቱ ላይ አለ።»

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አለ። «አስተርጓሚያችን ለሕዝቧ በጣም ትቆረቆራለች» ብሎ አመሰገነኝና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ብዙ ስድብ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ፓርኪንግ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ስድብ ብርቅ አይደለም። እንደዚያ ፈገግታ የዘለቀኝ ግን የለም።

ስንወጣ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝና ምንም ዓይነት ደብዳቤ ሊጽፍልኝ እንደማይችል ነገረኝ። ከአጥኚ የሚጠበቀው ርቀት ይጎድለኛል አለኝ። ደብዳቤ ስጠይቅ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ ጥፋት ሲፈለግብኝ ደግሞ አጥኚ ሆኜ ተገኘሁ።

ጋሼ ግርማ መጥተው ወሰዱኝ። ላ ሲየኔጋ በሚባለው ጎዳና ወደ ኢንግልዉድ ስንወርድ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮረብታው ላይ ያሉት የነዳጅ መሳቢያዎች ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ እሳቸው ፊት ለፊታቸውን እያዩ ያዳምጣሉ።

«ዝም ብትይ ኖሮ ይጽፍልሽ ነበር?» አሉኝ።

አዎን፣ አስተርጓሚ ብሎ ይጽፍልኝ እንደነበር መለስኩላቸው።

ሁለት መብራት አለፍን። ከዚያ፣ «ጽጌንስ እዚያ ሆና ብትሰማሽ ደስ ይላት ነበር» አሉና እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

በዚያ ዓመት የትም አልገባሁም። ደብዳቤ ጎድሏል፣ ልምድ ጎድሏል፣ ሁሉም ያው መልስ ነው። ግን ከስብሰባው ስወጣ አንዲት ጠና ያለች ጥቁር አሜሪካዊት በር ላይ ስልክ ቁጥሬን ተቀብላኝ ነበር። የአንድ ትንሽ የሕዝብ ክሊኒክ ኃላፊ፣ ራሷም ሳይኮሎጂስት ናት። ስትደውልልኝ አላቆላመጠችኝም። «ደብዳቤ ልጽፍልሽ አልችልም፤ አላውቅሽም» አለችኝ። «ነይና ሥሪ። ካወቅሁሽ በኋላ ጠይቂኝ።» ሄድኩ። ጥብቅ ነበረች፤ የሠራሁትን ሁሉ እየተከታተለች ትነቅፈኛለች፣ መሳሳቴንም ፊት ለፊት ትነግረኛለች። ስታወድሰኝ የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ለሌላ ሰው ስትናገር ነው። ጊዜው ሲደርስ ጻፈችልኝ። ያኔ ደግሞ ያመለከትኩበት ቦታ ስታትስቲክስሽ ጊዜው አልፎበታል አለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ተማርኩት። ገባሁ።

እትዬ ጽጌ ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ተረፉ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ በበዓል ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ጉንጬን ይዘው እያገላበጡ ይስሙኛል። ጥናቱም ታትሟል፣ እንዳለ፣ ቃል ያጥራቸዋል ከሚለው ጋር። ተማሪዎች ዛሬም እየጠቀሱት ይመጡብኛል፤ በየጊዜው ቁጭ ብዬ ስህተቱን አስረዳለሁ። በምስጋናው መጨረሻ ላይ እኔም አለሁ። ስሜ ግን ተሳስቶ ነው የተጻፈው።

ባለፈው ረቡዕ ከምሳ ስመለስ ባልደረቦቼ እየጠበቁኝ ነበር። ታሪኬን አልነገርኳቸውም። ሐኪሙ የበሽተኛውን ቃል ከመስማቱ በፊት ማን እንደሚሰማው ብቻ ጠየቅኳቸው። ሰውዬው ልሙት ሲል መጀመሪያ የደነገጠው ማን እንደሆነ፣ ደንግጦም ቃሉን ሳያለዝብ ያሻገረው ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ተውኩት፣ ይንቀጥቀጥ። ባልደረባዬ ጥቂት አሰበና ትጠራ አለ። ለቃለ መጠይቅ ነው እንጂ መግባቷን ማንም አያውቅም። እንደ ማንም ሰው ትፈተን፤ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ሰዎች ቁጣቸውን እንዲያበርዱ መርዳት መተዳደሪያዬ ነው። ብዙዎች ቀንቷቸው አይቻለሁ፤ ሲቀላቸው፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸው። የእኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት አልበረደም፤ አንዳንዴ ሙያዬን ያሳፍራል እላለሁ። አሁን ሳስበው ላበርደው አልፈልግም። በርዶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እኔም ራሴን ነቅንቄ፣ የልጅቷን ስም እንኳ ሳላነበው አልፌው ነበር።