አስካለ እስክትነጻ ድረስ

ባለፈው ሰኔ ከጀሞ ወደ ላፍቶ በእግሬ ስወርድ፣ አንዲት ባልቴት መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፋ እንዶድ ስትሸጥ አየሁና ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ አንዷን ፍሬ በጣቴ ፈርክሼ ባሸትኳት፣ ያ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ ከዚያ ሁሉ ዘመን ተነስቶ መጣብኝ። ባልቴቷ «አባባ፣ ይግዙ እንጂ፣ እያሸተቱ ሊጨርሱብኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅኩም። እንዶድ ለሌላው ሰው የነጠላ ማጠቢያ ነው፤ ለእኔ እህቴ ናት።

ላፍቶ ያኔ ከተማ አልነበረም። ዛሬ ፎቅ የተደረደረበት ሜዳ ጤፍና ሽንብራ ይዘራበት ነበር፣ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ያወልቅ ነበር። አባቴ በየነ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ድንጋይ ማውጫው ካባ ውስጥ ሲፈልጥ ሲጠርብ ይውልና ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ይመጣል፣ ሳይታጠብም ማንም አያናግረውም። በዚያች በጭቃ ቤት ውስጥ አባቴ፣ እናቴ፣ እህቴ አስካለና እኔ እንኖር ነበር። አስካለ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳቂታ ነበረች፣ አባቴን እንኳ ደፍራ የምትቀልደው እሷ ብቻ ነበረች።

ነገሩን ያየሁት ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ በአንድ ክረምት ነው። አስካለ ከቤቱ ጀርባ፣ ከጣራው ጠፈጠፍ ስር ቁጭ ብላ እንዶድ በድንጋይ እየወቀጠች፣ ከእናቴ አሮጌ ቀሚስ የተቀደደ ጨርቅ ታጥብ ነበር። ዝናቡ ስለማያደርቅላት ጨርቁን ጓዳ ውስጥ፣ ሰው እንዳያየው በማዳበሪያ ከልላ ታሰጣው ነበርና ቤታችን ክረምቱን ሙሉ እንዶድ እንዶድ፣ እርጥብ እርጥብ ይሸት ነበር። አንድ ቀን ከእጇ ስር የሚወርደው ውኃ ቀይ ሆኖ ወደ ቦዩ ሲፈስ አየሁና ደነገጥኩ።

«አስካለ፣ ምን ቆረጠሽ?»

«ዶሮ አርጄ ነው።»

«ሴት ዶሮ ታርዳለች እንዴ?»

«እኔ አርዳለሁ። ሂድ ለአባዬ ንገርብኝ።»

«ዶሮዋስ?»

«በልቻት ጨረስኩ። ላንተ እግሯን ላስቀርልህ ኖሯል?»

እናቴ ከውስጥ ሰምታ ወጥታ ጆሮዬን ቆንጥጣ፣ «የሴት ነገር ነው፣ አፍህን ዝጋ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያ ነገር በቤታችን ስም የሌለው ነገር ሆነ። እናቴ አስካለ ስታቃስት ስትሰማ፣ «እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ፣ የእኛ ዘር ደመ ብዙ ነው፣ ስትወልድ ይተዋታል» ትል ነበር። ይህን የምትለው ራሷ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ እየጨለመባት ግድግዳ እየያዘች ነበር። እሱም የቤቱ ልማድ ስለሆነ ጉዳዬ ያለው ሰው አልነበረም።

መስከረም ሲጠባ አስካለ ተለወጠች። በሌላው ዓመት አበባየሆሽ ስትል ድምፅዋ ከሁሉም በላይ የሚሰማው ልጅ፣ ያን ዓመት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጓደኞቿ ሲሄዱ ታይ ነበር። ከወንዝ ውኃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ እንስራዋን እያወረደች ታርፍ፣ እንደ ሮጠ ሰው ታለከልክ ነበር። ልጃገረዶቹ «አስካለ አርጅታለች፣ ምርኩዝ ፈልጉላት» ሲሏት፣ «ምርኩዙን ከወንድ ጋር አምጡልኝ» ትላቸው ነበር። ከንፈሯ ግን ነጥቶ ነበር። ከዚያ ደግሞ ጭቃ መብላት ጀመረች። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የግድግዳውን ምርጊት በጥፍሯ እየፋቀች አፏ ውስጥ ትጨምራለች፤ በተለይ ዝናብ ሲነካው ሽታው ምራቋን እንደሚያመጣባት ነግራኛለች። በምትቀመጥበት ልክ ግድግዳው ጎድጉዶ ነበር።

አፈር የምትበላ ሴት ነፍሰ ጡር ናት ይባል ነበርና ወሬው ሰፈሩን ዞሮ አባቴ ጋ ደረሰ። አባቴ ከካባ እንደመጣ፣ ሳይታጠብ፣ ቀበቶውን ፈትቶ ገባ። እናቴ መሀል ገብታ እጇን ዘርግታ «እንዴት ብላ ታረግዛለች? ደሟ መቼ ቆመና!» ብላ ጮኸች። ነገሩ በቤታችን ውስጥ በድምፅ ሲነገር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። አባቴ ቀበቶውን ቀስ ብሎ ታጠቀ፣ ወጥቶ ፊቱን ታጠበ፣ ራቱን በላ። ልጁ አላረገዘችም፣ ስሙ አልጠፋም፣ በቃው። ደሟ አልቆመም የሚለውን ግን በጆሮው ቢሰማውም በልቡ አልሰማውም።

ከዚያ በጋው ገባ፤ አስካለ ምድጃ ስር መዋል ስታበዛ አባቴ ጠበል ትጠመቅ አለ። በአባቴ ሕግ በመጀመሪያ ጠበል ነው፣ ሐኪም ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ነገር ነው። ደም ላይ ያለች ሴት ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን በር አታልፍም፣ ጠበልም አትገባም። ስለዚህ ስትነጻ እንወስዳታለን ተባለ። ጠበቅን። ቆመላት ሲባል ፀጉሯ ይሠራል፣ ነጭ ቀሚሷ ይታጠባል፣ አባቴ ከሥራ ይቀራል፤ ልንወጣ ስንል እናቴ መጥታ በጆሮው ሹክ ትለዋለች፣ እሱም ነጠላውን አውልቆ መዶሻውን አንስቶ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ ሲል ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ጥምቀትም ወጣ። ከደሙ እንድትድን ደሙ እስኪቆም ጠበቅን ማለት ነው።

ከአጥራችን ማዶ እትዬ አማረች የምትባል የወላይታ ሴት ነበረች፤ ጴንጤ ነች፣ ባሏ ከአባቴ ጋር እዚያው ካባ ይሠራ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እሳት ልትጭር መጥታ አስካለን ስታያት፣ እሳቱን ትታ ተንበረከከችና የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልጣ አየች። አባቴ በር ላይ መሮ ይስል ነበር።

«ጋሽ በየነ፣ ይቺ ልጅ የዓይኗ ውስጥ ወረቀት መስሏል። ሐኪም ቤት ውሰዷት።»

«ጠበል ሳትጠመቅ የትም አትሄድም።»

«ታዲያ ይውሰዷታ!»

«ስትነጻ ነዋ።»

«ደሙ አልቆም ሲል ነው እኮ ሐኪም ቤት የሚኬደው፣ ከቆመማ ምን ልትሠራ ትሄዳለች?»

«አማረች፣ አንቺ የማርያም ጠበል የማታምኚ ሰው፣ ስለ ጠበል አታስተምሪኝ።»

«የማርያምን ነገር ለእርስዎ ልተው። ግን እሷም ብትሆን የልጅ ፊት እንዲህ ሲነጣ ቁጭ ብላ የምታይ አይመስለኝም።»

አባቴ መሮውን ጥሎ ተነሳ፣ እሷም እሳቷን ሳትወስድ ሄደች። «ልጄን ጴንጤ አድርጋ ልትወስድብኝ ነው፣ ገብቶኛል» እያለ ሲነጫነጭ፣ አስካለ ከተጋደመችበት ቀና ብላ «አባዬ፣ እስከ ማታ ድረስ ጴንጤ ልሁንና ሐኪም አይቶኝ ልመለስ?» አለችው። አባቴ ሊስቅ ነበር፣ አየሁት፣ አፉ ጥግ ላይ መጣ። ከዚያ መለሰውና ፊቱን አዞረ። ያን ሳቅ ቢለቀው ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤአለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ አስካለም ጾመች። እናቴ ወተት በኩባያ ይዛ «ታማሚ ነሽ፣ እግዜር ያውቃል» ብትላት፣ «የማርያምን ደጅ እንኳ ካልረገጥኩ ጾሙን ደግሞ ልሻር?» ብላ እምቢ አለች። ጎኗ ስቀመጥ የልቧ ምት በልብሷ ላይ ይታይ ነበር፣ እንደተያዘች ወፍ። አንድ ማለዳ ግን ሻል ብሎኛል ብላ እንስራዋን አዝላ ወረደች፤ እናቴም ሻል አላት ስትባል ደስ ብሏት ለቀቀቻት። ስትመለስ ዳገቱ መሀል፣ ባሕር ዛፉ ስር ወደቀች። እንስራው አልተሰበረም፣ ውኃውም አልፈሰሰም፤ መጀመሪያ ቀስ አድርጋ አስቀምጣው ነው የወደቀችው። ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በደም ርሶ ነበር።

የካባው ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሲሮጡ፣ አባቴ አቧራውን እንደለበሰ ከፊት ከፊት ይሮጥ ነበር። ያን ቀን ነጽታለች አልነጻችም ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ሐኪም ቤት የሆነውን የነገረችኝ አብራቸው የሄደችው እትዬ አማረች ናት። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲል አባቴ «ዛሬ ጠዋት ነው የወደቀችው» አለው። «መውደቋን አልጠየቅኩም፣ የምትደማው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲለው መሬት መሬት አየ፤ «ከክረምት ጀምሮ» ብላ የመለሰችው እትዬ አማረች ራሷ ነች። ደም ያስፈልጋታል ሲባል አባቴ እጅጌውን እስከ ትከሻው ጠቅልሎ «ያለኝን ሁሉ ቅዱት፣ አታስቀሩ» አለ። ቀዱለት። ደሙ ገብቶላት ሳያልቅ አስካለ አረፈች።

የነፍስ አባታችን ለለቅሶ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ሐኪም ቤት አትሂዱ ያላችሁ ማነው? ምነው አንድ ቃል ብትጠይቁኝ?» አሉ። አባቴ ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ። ምን ብሎ ይመልስ? ለሚስቱ ያልተነፈሰውን ቃል ለቄስ ሊተነፍስ ኖሯል? ማንም አልከለከለንም ነበር። ይሄ ነው ከሁሉ የሚመረው። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሮ ሞተ፣ ስሟን ሳያነሳ። ሰዎች የሞተን ሰው ይቅር በል ይሉኛል። እኔ አልማርኩትም። ግትርነቴን የወረስኩት ከራሱ ነው፣ ከፈለገ እዚያው ስንገናኝ እንነጋገራለን።

ዛሬ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ልጄ ገነት ጋ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሚስጥር አይይዝም፤ የልጅ ልጄ ቤዛ አንሶላዋ ደጋግሞ እንደሚበላሽ፣ ከትምህርት ቤትም ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ እንደምትመጣ ሰምቼ አይቼ ነበር። አንድ ቀን ደረጃውን ስትወጣ ብረቱን ይዛ ቆማ ስታለከልክ ደረስኩባት። ገነትን ስጠይቃት፣ «አባዬ ደግሞ! አንተ እዚህ ውስጥ ምን አገባህ? እኔም በልጅነቴ ይበዛብኝ ነበር። ፈተናዋን ትጨርስና እናሳያታለን» አለችኝ። ተማረች የምላት ልጄ ናት እንዲህ ያለችኝ። ኮፍያዬን አድርጌ ወጥቼ ደረጃው መሀል ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ ተነስ፣ ጎረቤት ያያል!»

«ይይ። እንዲያውም ጥሪያቸው። ወይ ልጅቷ ዛሬ ሐኪም ታያለች፣ ወይ በእኔ ላይ ተረማምዳችሁ ትወጣላችሁ።»

ቤዛ «እማ፣ አባባን ታውቂው የለ፣ እስከ ፋሲካ ይቀመጣል» ብላ ጫማዋን አጠለቀች። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አንዲት ወጣት ሐኪም በቀን ምን ያህል እንደምትለውጥ፣ የረጋ ደም ይወጣት እንደሆነ፣ ያዞራት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ልጅቷ እኔ እዚያው ተቀምጬ አንገቷን ሳትደፋ ሁሉንም መለሰች። አንገቴን የደፋሁት እኔ ነኝ። ደሟን መርምረው በጣም አንሷል አሉ፣ መድማቱን የሚቀንስና ደም የሚተካ ክኒን ሰጧት፣ ተመለሽ ብለው ቀጠሯት።

አሁን ቤዛ ደረጃውን እየሮጠች ትወጣለች። ክኒኑን መዋጥ ትጠላለች፣ ብረት ብረት ይለኛል እያለች ትነጫነጫለች፣ አንዳንድ ጠዋትም ጠረጴዛ ላይ ረስታው ትወጣለች። ያን ጊዜ ቤቱ ባዶ ሲሆን አነሳውና መዳፌ ላይ አድርጌ አየዋለሁ። መዳፌ ሰፊ ነው፣ እንደ አባቴ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ መዳፍ ነው። ለአስካለ ያልደረሰችላት ይህች ክኒን ግማሹን እንኳ አትሞላውም።