የሚስቱ ልኬት በደንበኞች ደብተር

ሰፈሩ «ጋሽ ሜትር» የሚለው ልብስ ሰፊ ሠላሳ ዓመት ሲቆርጥ አንድም ጨርቅ አበላሽቶ አያውቅም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ይናገራል፤ ትሕትና የፈለገ ሌላ ልብስ ሰፊ ቤት ይሂድ። ሜትሩን ከአንገቱ፣ የልኬት ደብተሩን ከእጁ አይለይም።

ሚስቱ የጡት ካንሰር ይዟት ኬሞ ከጀመረች አራት ወር ሆኗል። እሱ ግን ሥራ ቤት ትንፍሽ አላለም። ማለዳ ሾርባ ይሠራል፣ ገላዋን ያጥባታል፣ መድኃኒቷን ቆጥሮ ይሰጣታል፣ ከዚያ ወደ ሱቅ ይሮጣል። እህቷ «በተራ እንሁን» ብትለው «እኔ ምን ሆኜ!» ብሎ መለሳት። ሆድ ይፍጀው ብሎ የሚኖር ሰው ነው። ሆድም ቢሆን ግን ልክ አለው።

በየሳምንቱ ቀሚሷን በልኳ ሲያጠብብላት ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ወገቧን ይለካና እዚያው የደንበኞች ደብተር ላይ ይጽፈዋል። ሰው እንዳያውቅበት ስሟን አይጽፍም።

የጭነት መኪና ሹፌሩ ለልጁ ሠርግ የሚለብሰውን ኮት ሊሞክር የመጣ ቀን ጉድ ፈላ። ሹፌሩ በር የሚሞላ ሰው ነው። አንድ እጁን አስገባ፤ ሁለተኛው አልገባ አለ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቢታገል ጊዜ ጀርባው ላይ ስፌቱ ተተረተረ።

«ጋሽ ሜትር፣ ይሄ ኮት የኔ ነው የሙሽራዋ?» ብሎ ሳቀ። ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ልብስ ሰፊውን ላብ አጠመቀው። አሥራ ሁለት ዓመት አብራው የሠራችው ቁልፍ ሰፊ ደብተሩን አነሳች። ከሹፌሩ ስም በላይ ስም የሌለው መስመር አለ፤ ኮቱ የተቆረጠው በዚያ ልኬት ነበር። ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች። ስም አልባው መስመር በየሳምንቱ አለ፤ ቁጥሩም በየሳምንቱ ይቀንሳል።

«ጋሼ፣ እኚህ ሰው ማን ናቸው? እየከሱ ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ።

ሊዋሽ አፉን ሲከፍት እንባው ቀደመው። «ባለቤቴ ናት። ካንሰር ነው» አለ። ያስፈራው ኮቱ አልነበረም። «ነገ በመድኃኒቷ እንዲህ ብሳሳትስ?» አለ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?» ቁልፍ ሰፊዋ ስትናደድ አንቱታውን ትረሳለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት እኔ እሷ ጋ ነኝ። ለእህቷም አሁኑኑ ደውል። ኮቱን ከሌላ ጨርቅ አብረን እንጨርሰዋለን።»

ሹፌሩ ባንድ እጁ ኮት እንደለበሰ «የኬሞ ቀን አድራሿ እኔ ነኝ» አለ።

«በጭነት መኪና?» አለች ቁልፍ ሰፊዋ።

«በልጄ መኪና ነዋ! ሰው እኮ ሲሚንቶ አይደለም።»

ጋሽ ሜትር እንደ ልማዱ እምቢ ሊል ነበር። ደብተሩን አየና «እሺ» አለ። ቃሏ ትንሽ ናት፤ ለማውጣት ግን አራት ወር ፈጅታበታለች።

ያን ቀን በጊዜ ቤቱ ገባና ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ሚስጥራችንን ለምን አወጣህ ብላ ትቆጣለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ትራሷን ተደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ተመስገን!» አለች። «አራት ወር ሙሉ አንተ እንዳትደነግጥ ስል፣ እያመመኝ ‹አላመመኝም›፣ ሳልበላ ‹ጠገብኩ› ስልህ ከረምኩ። አስታማሚዋ እኔ ሆኜልህ ነበር እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

እሱ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ከጎኗ ጋደም አለ። እሷ እግሯን ዘርግታ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«በል እንግዲህ» አለች፤ «አሁን ደህና አድርጌ ልታመምበት።»